ኳሱ ሲመታ የሚጠፋው 70 በመቶ፦ አንድ ዓመት የተጠቀምኩበት የባሊስቲክስ ኪት

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሜካኒክስ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይይዘኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጥይት እስላለሁ፤ ከፊቱ በገመድ የተንጠለጠለ እንጨት እስላለሁ። ጥይቱ እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ሁለቱ አብረው ይወዛወዛሉ። ተማሪዎቼ ቀመሩን ይገለብጣሉ፤ ፈተና ላይም ቁጥር አስገብተው ይሠሩታል። ፊታቸውን ሳየው ግን ነገሩ እንዳልገባቸው አውቃለሁ። ላልታየ ነገር ቀመር ብቻውን ምን ያደርጋል?

ይህን የባሊስቲክስ፣ ማለትም ተወንጭፈው የሚሄዱ ነገሮችን የማጥኛ፣ ኪት ያገኘነው ለዚህ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በአራት ክፍሎች ሠርቼበታለሁ። ስንት ጊዜ እንደተኮስን አልቆጠርኩም፤ ኳሱ የሚያርፍበት የካርቦን ወረቀት ግን ሦስቴ ተቀይሯል። አሁን ደግ ጎኑንም ጉድለቱንም ለመጻፍ የሚበቃ ያህል አውቀዋለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ይህ ነው። በሞላ የሚሠራ ማስወንጨፊያ አለ፤ ሞላው በሦስት ደረጃ ይወጠራል። ወደ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የብረት ኳሶችና በመጠን እኩል የሆነ አንድ የፕላስቲክ ኳስ አሉ። ኳሱን የሚቀበል ጎድጓዳ ጫፍ ያለው ፔንዱለም አለ፣ ከነማዕዘን መለኪያው። ኳስ ሲያልፍ ሰዓት የሚይዙ ሁለት የብርሃን ሴንሰሮች አሉ። ለብቻው በስፖንጅ ተጠቅልሎ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስታወት ይመጣል፣ ከትንሽ መብራትና ከምላጭ መያዣ ጋር። ማኑዋሉ ቀጭን ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው ስላለኝ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ዋናው ዕቃ ፔንዱለሙ ነው። ኳሱ ተወንጭፎ ይገባበታል፣ እዚያው ይቀራል፣ ሁለቱ አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሲወጡ አንዲት ቀጭን መርፌ እየገፉ ይሄዳሉ። ፔንዱለሙ ተመልሶ ሲወርድ መርፌዋ በደረሰችበት ከፍተኛ ማዕዘን ላይ ትቀራለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሴንሰር የለ፣ ስክሪን የለ፣ ባትሪ የለ። ማዕዘኑን ታነባላችሁ፤ ከማዕዘኑ የኳሱን ፍጥነት ታወጣላችሁ።

ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1742። በዚያ ዘመን የጥይትን ፍጥነት በቀጥታ መለካት የሚችል ሰዓት አልነበረም። የሮቢንስ ብልሃት ፈጣኑን ነገር ወደ ዘገምተኛ መለወጥ ነው። ቀላሉ ጥይት ከባዱን እንጨት ይመታዋል፤ እንጨቱ በዓይን በሚታይ ፍጥነት ይወዛወዛል። ምን ያህል እንደሄደ የለካው ደግሞ ፔንዱለሙ ይዞት በሚሄድ ጥብጣብ ነው። የኛ መርፌ የዚያ ጥብጣብ ልጅ ናት። ይህን ለክፍሉ ስነግር ዕቃውን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ኳሳችን 65 ግራም ነው፤ ፔንዱለሙ ከነኳሱ 250 ግራም። ሞላውን እስከ መጨረሻው ወጥረን ስንተኩስ መርፌዋ 49 ዲግሪ አካባቢ ትቆማለች። በየክፍሉ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነው። «ጉልበት አይጠፋም» ይላሉ። ፔንዱለሙ የደረሰበትን ከፍታ ከኳሱ የመነሻ ጉልበት ጋር እኩል ያደርጉና በሴኮንድ 2.65 ሜትር ያወጣሉ። ከዚያ ሴንሰሩን አበራላቸዋለሁ። ሴንሰሩ 4.9 ይላል። ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም!

ይህች ደቂቃ ለእኔ የኪቱ ዋጋ ናት። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ኳሱ ሲነሳ 0.78 ጁል ነበረው፤ ፔንዱለሙ ይዞት የወጣው 0.23 ጁል ብቻ ነው። 70 በመቶው የት ሄደ? አንዱ «ድምፁ» ይላል። ሌላዋ ጎድጓዳውን ጫፍ በጣቷ ትነካለች፣ ሞቆ እንደሆነ ለማየት። በጣት የሚታወቅ ሙቀት አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ኳሱ ሲቀረቀር አብዛኛው ጉልበት ወደ ሙቀት፣ ወደ መንቀጥቀጥና ወደ ቁሳቁሱ መጨመቅ ይሄዳል። በግጭቱ ጊዜ ሳይጎድል የሚተላለፈው ሞመንተም፣ ማለትም ክብደት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው፣ ነው። ጉልበት ከግጭቱ በኋላ፣ ፔንዱለሙ ሲወጣ ነው የሚጠበቀው። እነዚህን ሁለት ምዕራፎች መለየት ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳምንት ይወስድብኝ ነበር። አሁን በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል፤ ተማሪ ደግሞ አይረሳውም።

ማኑዋሉ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የሚሰጠው ቀመር የፔንዱለሙ ክብደት በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ያህል የሚያስብ ነው። በዚያ ቀመር የኛ 49 ዲግሪ በሴኮንድ 5.2 ሜትር ይሰጣል። ሴንሰሩ 4.9 እያለ! መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሴንሰሩን ነበር። ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ስፈታውና ስገጥመው ቆየሁ። በመጨረሻ ሁለቱንም ትቼ ሦስተኛ ምስክር ጠራሁ። ማስወንጨፊያውን 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አስሬ ኳሱን አግድም ተኮስኩ፤ ወለሉ ላይ ካርቦን ወረቀት አነጠፍኩ። ከዚያ ከፍታ መውደቅ 0.43 ሴኮንድ ይፈጃል። ኳሱ 2 ሜትር ከ10 ላይ አረፈ። ስታካፍሉት 4.9 ነው። ሴንሰሩ ልክ ነበር፤ የሳተው ማኑዋሉ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘንጉም ይወዛወዛል። ክብደት ያለው ዘንግ ሲዞር እንደ አንድ ነጥብ አይሄድም፤ የላይኛው ክፍል ቀስ ይላል፣ የታችኛው ይፈጥናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የመዞር ኢነርሺያው፣ ማለትም ለመዞር ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ነው። እሱን ማግኘት ደግሞ ከባድ አይደለም። ፔንዱለሙን ኳሱን እንዳቀፈ በትንሹ ገፋ አድርጋችሁ አሥር ውዝዋዜ ቁጠሩ። የኛ 10.9 ሴኮንድ ይፈጃል። ከዚያ የአንዱን ውዝዋዜ ጊዜ፣ የክብደት ማዕከሉን ርቀትና ኳሱ የሚመታበትን ርቀት ይዛችሁ ስታሰሉ 5.2 የነበረው ወደ 4.9 ይወርዳል። የ6 በመቶ ስህተት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ተማሪ ሦስት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ማየት አለበት። አምራቹ ይህችን አንድ ገጽ ቢጨምር ኪቱ ሌላ ኪት ይሆን ነበር። እኔ ራሴ ጽፌ ማኑዋሉ ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

ማስወንጨፊያው በጣም ጥሩ ነው። አሥር ጊዜ ተኩሳችሁ አሥሩም ኳስ በ3 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ያርፋል። ማዕዘኑን መለወጥም ቀላል ነው። የምወደው ሙከራ እዚህ ላይ ነው። «ኳሱ ሩቅ እንዲሄድ በስንት ዲግሪ እንተኩስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁሉም 45 ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ታርታሊያ እ.ኤ.አ. በ1537 ለመድፍ ያለው ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉም ያንኑ ይላል። ግን መጽሐፉ የሚናገረው የተነሳበትና ያረፈበት ቦታ እኩል ከፍታ ላይ ሲሆን ነው። የኛ ኳስ የሚነሳው ከ90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በ45 ዲግሪ 3 ሜትር ከ15 ይሄዳል። በ37 ዲግሪ 3 ሜትር ከ22። ሰባት ሴንቲ ሜትር! ማስወንጨፊያው ያን ያህል ታማኝ ስለሆነ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የፕላስቲኩ ኳስም ቦታ አለው። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ያስተማረው ውብ ፓራቦላ፣ የተወረወረ ነገር የሚሄድበት ቅስት፣ አየር በሌለበት ዓለም ነው። ለከባዱ የብረት ኳስ በዚህ ፍጥነት አየሩ እንደሌለ ነው፤ የአየሩ ግፊያ የክብደቱን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፕላስቲኩ ግን ቀላል ስለሆነ ከስሌቱ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር አጥሮ ይወድቃል። ትንሽ ናት፤ ግን በር ትከፍታለች። በዚያ በር ነው ወደ እውነተኛው ባሊስቲክስ የምንገባው። በሮቢንስ ዘመን ብዙ ሰው አየር ለመድፍ ኳስ ምንም አይደለም ብሎ ያስብ ነበር። ፔንዱለሙን ራቅ ራቅ እያደረገ ሲለካ ግን ጥይቱ በመንገድ ላይ ፍጥነቱን በፍጥነት እንደሚያጣ አየ። በሴኮንድ 500 ሜትር የሚሄድ ትልቅ የመድፍ ኳስ ላይ የአየሩ ግፊያ ከኳሱ ክብደት 20 እጥፍ ያህል ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ፓራቦላ ማውራት ትርጉም የለውም። ከዚህም በላይ፣ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ግፊያው ከተጠበቀው በላይ እንደሚያሻቅብ ሮቢንስ አስተውሏል። ለምን እንደሆነ በሥዕል የታየው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ወደ መስታወቱ የሚያደርሰን ይህ ነው። በኪቱ ላይ ትልቁ ቅሬታዬም ያለው እዚሁ ነው።

ሳጥኑ ላይ «ሾክ ዌቭን በዓይንዎ ይመልከቱ» የሚል ተጽፏል። የመስታወቱ ዘዴ ሽሊረን ይባላል። ትንሿን መብራት ከመስታወቱ ፊት ታስቀምጣላችሁ፤ ብርሃኑ ተመልሶ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ነጥቡን በምላጭ ግማሽ ያህል ትሸፍኑታላችሁ። ከመስታወቱ ፊት አየሩ ቦታ ቦታው ላይ የተለያየ ጥግግት ካለው ብርሃኑ ትንሽ ይታጠፋል። የታጠፈው ወይ በምላጩ ይታገዳል ወይ ያመልጣል። ስለዚህ ምንም የማይታየው አየር ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታያል። ለሻማ ድንቅ ነው። ከነበልባሉ በላይ የሚወጣው ሙቅ አየር እንደ ጭስ ሲጠማዘዝ ታያላችሁ። እጃችሁን ብታስገቡ ከጣቶቻችሁ የሚነሳው ሙቀት ይታያል። አንድ ተማሪዬ የራሱን ትንፋሽ አይቶ ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልተነሳም።

ሾክ ዌቭ ግን ሌላ ነገር ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ይሄዳል። አንድ ነገር አየር ውስጥ ሲመጣ «መጣሁ» የሚለው መልእክት ወደ ፊት የሚደርሰው በዚህ ፍጥነት ነው። አየሩም መልእክቱን ሰምቶ ዞር ይላል። ከድምፅ በላይ የሚፈጥን ጥይት ግን ከመልእክቱ ይቀድማል። ከፊቱ ያለው አየር ምንም ሳይሰማ ይመታል። ስለዚህ አየሩ ቀስ ብሎ አይገፋም፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ባነሰ ውፍረት ውስጥ በአንዴ ይጨመቃል፤ ሾክ ዌቭ ማለት ይህ ነው። የድምፅን ሁለት እጥፍ በሚሄድ ነገር ፊት ለፊት ግፊቱ 4.5 እጥፍ ይሆናል። ሮቢንስ ያስተዋለው ተጨማሪ ግፊያ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ጥይቱ ሞገዱን ለመሥራት ጉልበት ይከፍላል።

ይህን በፎቶ ያሳዩት የፊዚክስ ሊቃውንቱ ኤርንስት ማኽና ፔተር ሳልኸር ናቸው፤ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ጥያቄው ከጦር ሜዳ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 71 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት የታዩት ቁስሎች በጣም ሰፊ ከመሆናቸው የተነሳ ወገኖቹ «የሚፈነዳ ጥይት ትተኩሳላችሁ» እየተባባሉ ተካሰሱ። ጥይቱ ከፊቱ ይዞት የሚሄደው የታመቀ አየር ይሆን ወይ የሚል መላ ምት ተነሳ። ማኽ ያንን አየር ማየት ፈለገ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥይቱ ራሱ በሽቦዎች መካከል ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዲነሳ አደረጉ። ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ ጥይቱም ሞገዱም የቆሙ ያህል ተቀረጹ። ከጥይቱ አፍንጫ ወደ ኋላ የተዘረጋው ጥቁር መስመር ታየ። የመስመሩ ማዕዘን ራሱ ፍጥነቱን ይናገራል፤ ከጥይቱ መንገድ ጋር 30 ዲግሪ ከሆነ ጥይቱ የድምፅን ሁለት እጥፍ ይሄዳል። ለዚህ ነው ዛሬ በማኽ ስም «ማክ 2» የምንለው።

አሁን ወደ ኪቱ እንመለስ። የኪቱ መብራት ያለማቋረጥ የሚበራ ነው። ከ15 ሴንቲ ሜትሩ መስታወት ፊት ሾክ ዌቭ ከግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። ዓይን አይደርስበትም። በሴኮንድ 240 ምስል የሚያነሳ የስልክ ካሜራም አይደርስበትም፤ በሁለት ምስሎች መካከል ሞገዱ ከ1 ሜትር ከ40 በላይ ተጉዟል። ማኽና ሳልኸር የነበራቸው፣ ኪቱ የሌለው፣ ያ አጭር ብልጭታ ነው። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ትክክል አይደለም። ለተማሪ ቃል የገባ ዕቃ ቃሉን መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ክፍሌ ሾክ ዌቭ ለማየት ፊኛ እያፈነዳ ምንም ሳያይ የቀረ ቀን በጣም አዝኜ ነበር።

ማስወንጨፊያውም ሾክ ዌቭ አይሠራም፤ 4.9 ሜትር በሴኮንድ ከድምፅ 70 ጊዜ ያነሰ ነው። «ታዲያ ያለ ጠመንጃ እንዴት ነው የምናየው?» ለሚሉኝ ልጆች መልሴ ጅራፍ ነው። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የምንለው ጩኸት ሾክ ዌቭ ነው። የእጅ እንቅስቃሴ ወደ ቀጭኑ ጫፍ እየሮጠ ይፈጥናል፤ መጨረሻ ላይ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል። የሚጮኸውም ያኔ ነው። ስለ ሕክምናም እነግራቸዋለሁ። የኩላሊት ጠጠርን ከውጭ በሾክ ዌቭ መሰባበር በሰው ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ውስጥ ነው። ከጦር መሣሪያ ጋር ብቻ አስረው እንዲያዩት አልፈልግም። መሣሪያውንም ግን አልደብቅባቸውም፤ ጥያቄው የተወለደው ከዚያ ነውና።

ስለ ጥንካሬው ባጭሩ። ፔንዱለሙ እንደ አዲስ ነው። መስታወቱ ላይ ጭረት የለም። የማስወንጨፊያው መቆለፊያ ግን በሁለተኛው ወር ላላ፤ አንድ ጊዜ ማንም ሳይነካው ተተኩሶ ኳሱ ግድግዳ መታ። ማንም አልተጎዳም። ሻጩ መለዋወጫውን ልኮልናል፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ። ሳጥኑ ውስጥ የዓይን መከላከያ መነጽር አለመኖሩ ደግሞ ይቅር የማልለው ነገር ነው። ብረት የሚተኩስ ዕቃ ያለ መነጽር አይሸጥም። ከገዛችሁ መነጽሩን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ሞላው ተወጥሮ ሳለ ማንም ወደ አፈሙዙ ጎንበስ እንዳይል።

ፔንዱለሙንና ማስወንጨፊያውን ለማንኛውም የፊዚክስ መምህር ያለ ማመንታት እመክራለሁ። መስታወቱ ያለበትን ትልቁን ሳጥን የምመክረው ግን ጊዜ ላላችሁ ብቻ ነው። ምክንያቱም የጎደለውን ራሳችሁ ማሟላት ትችላላችሁ። እኛ ያሟላነው እንዲህ ነው።

ከሴንሰሩ ጎን ማኑዋሉ የማይጠቅሳት ትንሽ የሽቦ ቀዳዳ አለች። ያገኘቻት ተማሪዬ ናት። ኳስ ሲያልፍ በዚያ በኩል ምልክት ይወጣል። ምልክቱን ከካሜራ ፍላሽ ጋር አገናኘነው፤ ፍላሹን በዝቅተኛው ኃይል ላይ አደረግነው፣ ያኔ ነው ብርሃኑ በጣም የሚያጥረው። በኪቱ መብራት ቦታ ፍላሹን ከቀጭን ቀዳዳ ጀርባ አስቀመጥነው። ኳሱ በሴንሰሩ ያልፋል፤ በቡሽ የተያዘች መርፌ ይገፋል፤ መርፌዋ ፊኛውን ትወጋለች። ክፍሉን አጨልመን የካሜራውን ዓይን ክፍት ተውነው። ሴንሰሩን በሁለት በሁለት ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀስን ፊኛ ስናፈነዳ ዋልን። የማኽ ጥይት ራሱ ብልጭታውን እንዳስነሳው ያለ ነው፤ የኛ ኳስ ዘገምተኛ ቢሆንም።

ከሃያ በላይ ፊኛ ሄደ። በአንዱ ምስል ላይ፣ ከተቀደደው ፊኛ ውጭ፣ የደበዘዘ ቅስት ታየ። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወፍራም ነው፤ ፍላሹ በበራበት ጊዜ ሞገዱ ያን ያህል ተጉዟልና። ልጆቹ ውፍረቱን በማስመሪያ ለክተው ፍላሹ ለምን ያህል ጊዜ በርቶ እንደቆየ አሰሉ። 40 ማይክሮ ሴኮንድ (የሴኮንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ወጣላቸው። ምስሉ አሁን በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ስሌቱ በእጃቸው ተጽፎ።